የአልሞግ ስም እንዳይሰረዝ

ፌብሩአር 2፣ እሑድ

የሐዘኑ ሠላሳ ቀን አለፈ፤ ዛሬ ሥራ ገባሁ። የምሠራበት ጋን፣ የሕፃናት መዋያው፣ ልጆች ከበውኝ «የት ነበርሽ?» አሉኝ። ታምሜ ነበር አልኳቸው። አንዷ ተንጠራርታ ግንባሬን ዳሰሰችና «አሁን ትኩሳት የለሽም» አለች። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩት።

የሐዘን አማካሪዋ ጻፊ ብላኛለች። በዕብራይስጥ አልችልም ስላት፣ በምታለቅሺበት ቋንቋ ጻፊ አለችኝ። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ቀስ እያልኩ እጽፋለሁ።

ልጄ አልሞግ ሞተ። መጀመሪያ እሱ ይጻፍ። ቪዲዮ ሊቀርጽ ደብረ ብርሃን ሄዶ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። ሬሳውን አስመጥቼ እዚሁ እስራኤል፣ ረሆቮት ቀበርኩት። ቢያንስ እሱን አድርጌአለሁ።

ፌብሩአር 4፣ ማክሰኞ

ለአልሞግ ከግብር ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ያነበበችው ኖያ ናት። ኖያ የአልሞግ ታናሽ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ በቤታችን የመንግሥት ዕብራይስጥ የሚገባው ለእሷ ብቻ ነው። አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ኢማ፣ አልሞግ እዚህ አሁንም ክፍት ፋይል አለው? የግብር ፋይሌን ዝጊልኝ ብሎሽ አልነበረም? ገና ሲሄድ?»

ራሴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ። አልዋሸሁም፤ አሞኝ ነበር።

ፌብሩአር 5፣ ረቡዕ

አዲስ አበባ ያለችው ያቺ ልጅ በስልክ ድምፅ ልካለች። አልሰማሁትም። ሥራ ላይ ነበርኩ።

ፌብሩአር 9፣ እሑድ ማታ

ኖያ ነስ ጺዮና ወሰደችኝ፤ ሽሎሚ የሚባል የግብር አማካሪ ዘንድ። ወፍራም ሰውዬ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የሱፍ ፍሬ ልጣጭ ተቆልሏል። ደግ ፊት አለው። እንደዚያ ያለ ፊት ክፉ ነገር ሲናገር የባሰ ነው።

አልሞግ ቀጣሪ አልነበረውም። በራሱ የሚሠራ ነበር። ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለዚያ አገር ድርጅቶች ይሠራል፤ እዚያው ሆኖ ለአንድ የቴል አቪቭ ኩባንያም ይሠራል። የቴል አቪቩ ክፍያ እዚህ ባንክ ይገባለታል። የግብር ቢሮው ያን አየና ይህ ገቢ ለምን አልተነገረንም አለ።

ሽሎሚ እንዲህ አለ፦ «ጥያቄው አንድ ነው። ልጅሽ የት ነበር የሚኖረው?»

«እኔ ቤት» አልኩ።

ኖያ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«እንግዲያው የዚህ አገር ነዋሪ ነው» አለ ሽሎሚ። «የዚህ አገር ነዋሪ ደግሞ የትም ሄዶ ቢሠራ፣ ጨረቃ ላይም ቢሠራ፣ እዚህ ያስታውቃል። አላስታወቀም። ግብሩ፣ ቅጣቱ፣ ወለዱ ሲደመር ባንክ ያለውን ሁሉ ይወስደዋል። እዚያ የሚኖር ከነበረ ግን፣ እዚያ ተቀምጦ በሠራው እዚህ አይጠየቅም።»

«እዚያ እኮ ይገብር ነበር» አለች ኖያ። «በየዓመቱ። ሙሉእመቤት ደረሰኙን ሁሉ ይዛዋለች።»

ሙሉእመቤት የምትባለው ያቺ ልጅ ናት። አዲስ አበባ አብራው የነበረችው። ሕፃን ልጅ አላቸው። ሽሎሚ እንዳለው የባንኩ ገንዘብ በሕግ የሕፃኗና የእናቷ ነው፤ ግን መጀመሪያ የሚነሣው የመንግሥት ነው፤ ለእነሱ የሚደርሳቸው የተረፈ ካለ ነው።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ሲያይ ቆየ። የሱፍ ፍሬውን ወደ ጎን ገፋ።

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ልጅሽ አዲስ አበባ እያለ በየዓመቱ መጀመሪያ ‹እዚህ ነኝ፣ እሠራለሁ፣ ይህን ያህል አገኘሁ› እያለ ያስታወቀ አለ። የቢቱዋሕ ሌኡሚውን፣ የማኅበራዊ ዋስትናውን፣ መዋጮም በየወሩ የከፈለ አለ። የተመዘገበው ስልክ ያንቺ ነው።»

«አዎ።»

«ያ ገቢ ከየት መጣ?»

«ከደመወዜ ትንሽ ትንሽ አስገባለት ነበር። ፋይሉ ባዶ እንዳይሆን።»

ሽሎሚ ኖያን አየ፤ ኖያ እኔን አየችኝ። «ሰው ያገኘውን ሲደብቅ ሠላሳ ዓመት አይቻለሁ» አለ። «ያላገኘውን የሚያስታውቅ ግን አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ።»

አልሳቀም። ባቡር ጣቢያ እስክንደርስ ኖያ አላናገረችኝም።

ፌብሩአር 10፣ ሰኞ

እዚያ አልኖረም። እዚያ ይሠራ ነበር። መሥራትና መኖር ይለያያል።

ፌብሩአር 11፣ ማክሰኞ

ኖያ ትላንት ማታ ጠየቀችኝ። ለምን አለችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለስለስ ብላ። ለሷ መናገር ያቃተኝን እዚህ ልጻፈው።

አዲስ አበባ ሆነን ወደ እስራኤል ለመምጣት ስንጠብቅ፣ በመጨረሻ ስማችን ሊጠራ በተሰለፍንበት ቀን፣ ታላቅ እኅቴ ውሃ ልትቀዳ ወጣ ብላ ነበር። ስሟ ተጠራ። እናቴ «መጣች፣ መጣች፣ እዚህ ናት» አለች። ሰውየው እንደገና ጠራ። እኔ ልጅ ነኝ፤ አለሁ ብዬ በእሷ ስም ልወጣ አስቤ ነበር፤ ፈራሁ። ሌላ ስም ተጠራ። አውቶቡሱ ሄደ፣ አውሮፕላኑ ሄደ። እኅቴ ከዚያ ወዲያ ለመምጣት ብዙ ደከመች፤ አልሆነላትም። እዚያው ቀረች፤ እዚያው ተቀበረች።

አልሞግ «ኢማ፣ ፋይሌን ዝጊልኝ፣ እኔ እዚህ ነኝ» ሲለኝ ቤሰደር፣ እሺ፣ አልኩት። እስከ ማኅበረሰቡ ማዕከል ድረስ ሄጄ ነበር። በኮምፒውተር የምትረዳው ልጅ «ልዝጋው?» አለችኝ፣ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ። አይ፣ አለ በይ አልኳት። ይሠራል በይ። እዚህ ነው በይ።

ሲጠራ አቤት የሚል ሰው ያስፈልጋል። እኔ አቤት አልኩለት። ሌላ ያደረግሁት የለም።

ፌብሩአር 16፣ እሑድ

ድምፅ ልካለች። እራት ላይ ነበርኩ።

ፌብሩአር 21፣ ዓርብ

ጋሼ አንዳርጌ ለሰንበት መጡ። የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ክፋር ግቢሮል የሚባል ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ በሰፈሩ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ እሳቸው ናቸው። ኖያ ነገሩን ነገረቻቸው።

«ይገርማል» አሉ። «በሕይወት ሳለ ለአንዱም መንግሥት ልጅ መሆን አቅቶት ነበር። እዚያ ‹እስራኤላዊው› ይሉታል፣ እዚህ ‹ኢትዮጵያዊው› ይሉታል። ለግብር ሲሆን ሁለቱም ልጄ ነው አሉ?»

ኖያ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች። ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ዛሬ ነው።

ከዚያ እሳቸው ወደ እኔ ዞረው «ማንተገብሽ፣ ሕፃኗን አስቢ» አሉኝ።

«ማን አላሰበም አለ?»

«ማንም አላለም። አስቢ ነው ያልኩት።»

ዓሣውን አቀረብኩ። ጨው በዝቶበታል። ሁሉም በሉት።

ፌብሩአር 25፣ ማክሰኞ

ሽሎሚ ቀጠሮ ተቆርጧል አለ፤ ከፋሲካ በፊት። ማስረጃ ይዘሽ ነይ አለኝ። ማስረጃ እሰጠዋለሁ አልኩ በሆዴ። እዚህ ለመኖሩ ማስረጃ።

አመሻሽ ላይ የአልሞግን ክፍል ከፈትኩ። እንዳለ ነው የጠበቅሁት። አልጋው ተነጥፏል። ቁም ሣጥኑ ውስጥ የወታደር ቦርሳው፣ የትምህርት ቤት ሹራቡ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት የባር ሚጽቫ በዓሉ ሸሚዝ፣ እሱም አንገቱ ለሕፃን ነው። መሳቢያው ውስጥ የማንም ስልክ የማይገባበት ቻርጀር። ጫማ ፈለግሁ፤ አንድ ነጠላ ጫማ አገኘሁ፤ ጠባብ ናት፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እግር ነው የሚገባባት። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ጥርስ ብሩሾቹን ቆጠርኩ። የእኔና የኖያ።

ዕቃ አይወድም ነበር። እንደ አባቱ ቀለል ብሎ ነው የሚኖረው።

ባለፈው ለአዲስ ዓመት ሲመጣም ሻንጣውን አልፈታም። ከውስጡ እያወጣ ለበሰ፣ ወደ ውስጡ መለሰ። ሻይ አፍልቼለት የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥኖች አንድ በአንድ ከፈተና «ኢማ፣ ስኳሩ የት ነው?» አለኝ። ሥራ በዝቶበት ነው። ሥራ የበዛበት ሰው ይረሳል። ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ።

ማርች 3፣ ሰኞ

መቃብር ሄድኩ። ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ያወራሉ። «ቤቱ እኮ እዚያ ነበር አሉ። ሚስትም አለችው።» «ታዲያ ለምን እዚህ?» «እናት ናታ።»

ቤት አልነበረውም። ኪራይ ነበር።

ማርች 6፣ ሐሙስ

ኖያ ጮኸችብኝ። እኔም ጮኽኩ።

ሙሉእመቤት ቤት ለቃ እናቷ ዘንድ ገብታለች አለችኝ። ባለቤትየው ኪራይ ጨምሮባታል፤ አልቻለችም። ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ናቸው። «የአልሞግ ገንዘብ እዚህ ተቆልፎ፣ ኢማ! አንቺ ደግሞ እሱን ለመንግሥት ልትሰጪው ነው። ለምን? ረሆቮት ይኖር ነበር ለማለት? ዲ! በቃ! ሰባት ቀን ነበር የሚመጣው! እኔ ነኝ ከአውሮፕላን ማረፊያ የምቀበለው፤ እኔ ነኝ የምመልሰው!»

«ሊመለስ ነበር» አልኳት።

«መቼ?»

«ከበዓል በኋላ።»

«ከየትኛው በዓል?»

በሩን ዘግታ ወጣች። ሳሎን ቆሜ ቀረሁ። እውነቷን ነው፤ አንድ ቀን ስሙን ጠርቶ የነገረኝ በዓል የለም። ከበዓል በኋላ እናያለን ኢማ ይለኝ ነበር። እናያለን ማለት እመጣለሁ ማለት አይደለም። እኔ ግን እመጣለሁ ብዬ ሰማሁት።

ማርች 7

ድምፅ።

አልሰማሁትም። ገንዘብ ብትለኝ ምን እላታለሁ?

ማርች 13፣ ሐሙስ

ጋኑ ውስጥ ፑሪም፣ ልጆች ሌላ መስለው የሚለብሱበት በዓል። ንግሥቶች፣ አንበሶች፣ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ። ልብሱ የጠበባት አንዲት ንብ ክንዴ ላይ ተኛች። ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ነው። ምን ያህል እንደምትከብድ ዛሬ አወቅሁ። ያችኛዋም ይህን ያህል ትከብድ ይሆናል። ታቅፌአት አላውቅም። በስልክ ሲያሳየኝ ኔትዎርኩ ይቆራረጣል እያልኩ ቶሎ እዘጋው ነበር።

ስሟ አቪታል ነው። አልሞግ ነው ያወጣላት። እኔን አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝስ? ስም አውጪ ቢለኝ ምን እለው ነበር? ወደዚህ ካልመጣች ስም አልሰጥም እል ነበር።

ማርች 17፣ ሰኞ

ጋሼ አንዳርጌ ዘንድ ሄድኩ፤ እንዲመክሩኝ ሳይሆን እንዲፈርዱልኝ ፈልጌ። ክሴን አቀረብኩ። ይህቺ ልጅ መርዶውን እንኳ ለእኔ አልነገረችም አልኳቸው። ልጄ ሞቶ ከእኔ በፊት ለሌላ ሰው ደወለች። ለእርስዎ ደወለች። የሰፈር ሽማግሌ ሁሉ አውቆ እኔ ተኝቼ ነበር። ይህን በሆዴ ይዤ ነበር፤ ተናገርኩት።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አላጠለቁትም።

«ስትደውል ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ገና ሲመሽ ነው የደወለችው። እኔ ጫማዬን ላደርግ ተነሣሁ። ‹አይሂዱ› አለችኝ። ‹እማማ በጨለማ አይስሙት። ዛሬን ይተኙ። ሲነጋ ሽማግሌ ይዘው ይግቡ። እስከዚያ እሳቸው ልጅ አላቸው።›»

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«እዚያ ሆስፒታሉ በር ላይ ሆና ነው» አሉ። «ሕፃኗ ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር። ለናቷ እንኳ አልደወለችም። ወሬው እንዳይቀድመን ሌሊቱን ብቻዋን ይዛው አደረች። በእኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አልሞግ ነግሯት ይሁን ከቤቷ ተምራው አላውቅም። እኔ በሽምግልናዬ እንደዚያ በሥርዓት መርዶ የያዘ ሰው አላየሁም።»

ቡና ያፈሉልኝ ዘንድ ተነሡ። አልጠጣሁም። በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ።

ያን ሌሊት ደኅና ነበር የተኛሁት። አስታውሳለሁ። ሰው እንቅልፍ ሲሰጠኝ እንደነበር አላወቅሁም።

የዚያኑ ቀን ማታ

ድምፆቹን ከመጀመሪያው አንሥቼ ሰማኋቸው። ስለ ገንዘብ አንድም የለም።

አንዱ፦ «እማማ፣ ደኅና ነዎት? አቪታል ሳል ይዟታል። አሁን ተሽሏታል።»

አንዱ፦ «እማማ፣ ካዲሽ የሚባለውን የሙታን ጸሎት የሚያደርስለት ሰው አለ? እዚህ የማውቀው ሰው ስለሌለ ነው የጠየቅሁዎት።»

አንዱ፦ «እማማ፣ የመቃብሩ ድንጋይ ቆመ ብላኛለች ኖያ። ሲመችዎ ፎቶውን ይልኩልኛል? ከርቀት ቢሆንም ይበቃኛል። ምን እንደተጻፈበት ባላነብም እዚያ መሆኑን ለማየት ነው።»

ለቀብር ልትመጣ ፈልጋ ነበር። ለቪዛው ከቤተሰብ የጥሪ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባለ። ኖያ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ፤ እፈርማለሁ አልኩ። ሰው ይገባል ይወጣል። በዚያ ቀን ማን ይፈርማል አልኩ።

ሬሳውን ለማስመጣት ግን በዚያው ቀን የቀረበልኝን ሁሉ ፈርሜአለሁ።

ማርች 18፣ ማክሰኞ

ከሥራ በፊት መቃብር። ፎቶ አነሣሁ። ከርቀት አይደለም፣ ቀርቤ። ላክሁላት። ጽሑፉን በድምፅ አነበብኩላት፣ ሁለት ጊዜ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማማ» ብቻ። ከኋላዋ ሕፃኗ ዘፈን ነገር ትላለች።

ማርች 23፣ እሑድ

ሽሎሚ ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። ሙሉእመቤት ሁሉንም በስልክ ልካለች፦ የቤት ኪራይ ውሉን፣ የንግድ ፈቃዱን፣ የገበረበትን ደረሰኝ፣ የአቪታልን የልደት ወረቀት። ሽሎሚ አንድ በአንድ ሲያይ ጣቱን እየላሰ ነው።

«ይህ ግማሹ ነው» አለ። «ሌላው ግማሽ አንቺ ነሽ። የዚህ አገር ነዋሪ ያስመሰልሽው አንቺ ነሽ። ቃለ መሐላ መስጠት አለብሽ፦ ወጥቶ ሄዷል፣ ፋይሉን ዝጊልኝ ብሎኛል፣ አልዘጋሁትም፣ እዚህ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ስትይ አንቺን ሊቀጡሽ ይችላሉ። መቅጣታቸው አይቀርም።»

«ይቅጡኝ።»

«ካልሽ በኋላ መመለስ የለም። ስሙ ከነዋሪነት የሚነሣው ከሞተበት ቀን አይደለም፤ ከሄደበት ቀን ጀምሮ ነው። እንደዚያ ነው የሚጻፈው።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የሞተው አሁን ነው፤ በወረቀቱ ግን ከሦስት ዓመት በፊት ያጣሁት ይሆናል። በእጄ ጽፌ።

አልፈረምኩም። ነገ አልኩት። እሱም ቤሰደር አለኝ፤ ልክ እኔ ለአልሞግ እንዳልኩት ዓይነት ቤሰደር።

ማርች 24

አልሄድኩም። ልጆቹ ጉንፋን ይዟቸው ጋኑ ሥራ በዛ።

ማርች 26

አልሄድኩም።

ማርች 27፣ ሐሙስ

አልሄድኩም። አይ እኔ። እኅቴን ያስቀረኋት ያህል አድርጌ ስኖር ነበር፤ አሁን ደግሞ ልጄን ከመዝገብ የማስወጣው እኔ ልሁን? ይህን ለኖያ አልኳት። ከመጣላታችን ወዲህ መጀመሪያ ያወራነው ነው።

አጠገቤ ተቀመጠች። «ኢማ፣ አክስቴ መምጣት እየፈለገች ነው የቀረችው» አለች። «አልሞግ አልቀረም። ሄደ። ወድዶ ነው የሄደው። ደስ ብሎት ነበር እኮ። አንቺ ስትደውዪ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፣ ደስታው እንዳይሰማሽ።»

«ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር?»

«ሁሌ።»

እኔ ደግሞ ደክሞት ይመስለኝ ነበር። ልጄን በሰው አገር ደከመው እያልኩ ስንት ጊዜ አልቅሻለሁ።

ማርች 30፣ እሑድ

በጠበቃ ፊት ፈረምኩ። ጠበቃዋ ጊዜ ውሰጂ አለችኝ። በዕብራይስጥ ስሜን ስጽፍ ሁሌም ቀስ እላለሁ። ዛሬ ግን ከፊደሉ አልነበረም።

ኤፕሪል 8፣ ማክሰኞ

ቀጠሮው ቴል አቪቭ ነበር። በጠዋት ባቡር ሄድን፤ እኔ፣ ኖያ፣ ሽሎሚ። ሽሎሚ ክራባት አስሯል፤ ወፍራም አንገቱ ቀልቷል።

የግብር ቢሮው ሹም ሴት ናት፤ በእኔ ዕድሜ፤ አጭር ጸጉር። ክፉ አልነበረችም። ክፉ ብትሆን ይሻል ነበር፤ እቆጣ ነበር።

«ከአዲስ አበባ የመጣውን አይቻለሁ» አለች። «ቃለ መሐላሽንም አንብቤአለሁ። ግን እዩልኝ፤ አድራሻው እናንተ ቤት ነው። መዋጮው እዚህ ሲከፈል ነበር። ክፍሉ እስካሁን እንዳለ ነው ብለሻል። የተቀበረውም እዚህ ነው። ሰው ቤቱ ነው የሚቀበረው።»

ሽሎሚ ሊናገር አፉን ከፈተ።

«የቀበርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እሱ አልተጠየቀም። ሙሉእመቤትም አልተጠየቀችም።»

ሹሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «እመቤቴ፣ ይህን የምትዪው ገንዘቡ ለልጅቷ እንዲደርስ ብለሽ ነው?»

«ለዚያ ብዬ ነው የመጣሁት። የምለው ግን እውነቱን ነው።»

«እንግዲያው ንገሪኝ። እናትየው አንቺ ነሽ። ይኖር የነበረው እዚያ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

በዕብራይስጥ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። ኖያን አየኋት፤ በአማርኛ በይው፣ እኔ አለሁ አለችኝ። በአማርኛ ተናገርኩ፤ እሷ ተረጎመችው።

«ባለፈው ሲመጣ ሻይ አፈላሁለት» አልኩ። «ስኳሩ የት ነው አለኝ። ስኳሬ አልሞግ ከተወለደ ጀምሮ ከምድጃው በስተግራ ነው፤ ቦታውን ቀይሬው አላውቅም። በቤቱ ያለ ሰው ስኳር የት ነው አይልም። እንግዳ ነው የሚጠይቀው። ልጄ እኔ ቤት እንግዳ ነበር። አውቄዋለሁ። ያኔም አውቄዋለሁ፤ ሳቅሁበት እንጂ።»

ኖያ የመጨረሻዋን ተርጉማ መጨረስ አቃታት። ሽሎሚ ጨረሰው፤ አማርኛ አያውቅም፤ ግን በትክክል ጨረሰው።

ሹሟ ጥቂት ጻፈች። መልሱ በጽሑፍ ይመጣል አለች። በሩ ላይ ሽሎሚን አስቀርታ አናገረችው። ሲወጣ ክራባቱን ፈታ። «ትቀበለዋለች» አለኝ። «ከሄደበት ቀን ጀምሮ ይዘጋል። አንቺን ግን ትቀጣሻለች።»

ኖያ ትምህርት ነበረባት፤ እዚያው ቀረች። ብቻዬን ተመለስኩ። ረሆቮት ጣቢያ ስወርድ ሰዉ ሁሉ ወጣ፤ እኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ውጪ የብርቱካን አበባ ሽታ ነበር። ደወልኩላት። ከቀብሩ ወዲህ እኔ ስደውልላት የመጀመሪያዬ ነው።

«እማማ! ምነው? ደኅና ነዎት?»

«ደኅና ነኝ ልጄ። አልቋል፤ ይደርሳችኋል ብለዋል። ለእሱ አይደለም የደወልኩት። አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ይጠይቁኝ።»

«እናንተ ቤት፣ አልሞግ እያለ፣ ስኳር የት ነበር የሚቀመጠው?»

የማይገባ ነገር የጠየቅሁ መሰለኝ።

«ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው እማማ» አለች። «አቪታል እየዘገነች ስላስቸገረች እሱ ነው ወደ ላይ ያወጣው። ረጅም አይደል። እኔ አልደርስበትም ነበር፤ ሻይ በፈላ ቁጥር እየጠራሁ አውርድልኝ እለዋለሁ። እናቴ ቤት ስንገባም ዕቃውን ሳስቀምጥ ሳላስበው ስኳሩን ላይ አደረግሁት። አሁን ወንበር ላይ ቆሜ ነው የማወርደው።»